በጎረቤት ልክ የተቆረጠ መድኃኒት

ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ማለዳ ነበር። ነርሷ ወደ ሥራዋ ስትጣደፍ፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ሹራባቸውን አውልቀው፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ፊታቸውን በካርቶን ሲያራግቡ አገኘቻቸው።

“ምነው አክስቴ፣ በዚህ ብርድ?” አለች ደንግጣ።

“ዝም በይኝ ልጄ! ገላዬ ድንገት ብው ይልና ላብ በላብ ያደርገኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ቆየሁ። ትናንትማ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ እኔ! በቃኝ፣ ሱቁን ልዘጋው ነው። ማሽኑን የሚገዛ ሰውም አነጋግሬያለሁ።”

ወይ ጉድ! እኚህ ሴት እኮ በዚያ ማሽን ልጆች አሳድገው ለወግ ማዕረግ ያበቁ ናቸው። ነርሷ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው።

“ማረጥ ነው አክስቴ፤ ሕክምናም አለው። ሐኪም አይቶዎታል?”

“እናቴ ችላው አልፋ የለ? ደግሞም መድኃኒቱን ሞክሬዋለሁ። ጎረቤቴ ‘የዳንኩበት ነው’ ብላ ከምትውጠው የሆርሞን ክኒን አካፈለችኝ። እሷን አዳናት፣ እኔን ግን ራሴን ፈለጠኝ፤ ቆሞ የነበረ ደምም አመጣብኝ። አሽቀንጥሬ ጣልኩት! መድኃኒት ተብሎ ሞቷል።”

ነርሷ ከአንገታቸው የማይለየውን ሜትር አየችና ፈገግ አለች።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደንበኛ መጥታ ‘በጎረቤቴ ልክ ስፉልኝ’ ብትልዎ ጨርቁን ይቆርጡታል?”

“አበድኩ እንዴ! የአንዷ ትከሻ ሰፊ፣ የሌላዋ ወገብ ቀጭን።”

“ታዲያ በጎረቤትዎ ልክ የታዘዘውን ለምን ዋጡት?”

ልብስ ሰፊዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። “አንቺ ምላሰኛ! ቁርጥ አባትሽን!” አሉ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። “ካንሰር ያመጣል ሲሉስ ሰምቼ?”

“ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። አንዳንዱ ዓይነት፣ በተለይ ብዙ ዓመት ሲወሰድ፣ የጡት ካንሰር የመያዝን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ያገኛት ሴት ብዙውን ጊዜ አይታዘዝላትም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጠይቆ፣ መርምሮ ነው የሚያዘው። ለአንዷ ክኒን፣ ለሌላዋ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ለሌላዋ ጭራሽ ሆርሞን የሌለበት። ያ የመጣብዎ ደምም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፤ መመርመር አለበት።”

“የታዘዘልኝም ባይስማማኝስ?”

“ቀሚስ ሳያልቅ ለልክ ሲሞከር፣ ፕሮቫ ላይ ቢጠብ ያቃጥሉታል ወይስ ይፈቱታል?”

“ይፈታል እንጂ!” አሉ ልብስ ሰፊዋ። እውነት ለመናገር፣ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ በሙያችን የማንታለል፣ በገላችን ግን የሰማነውን ሁሉ የምንከተል። እሳቸው ግን የሙያቸውን ቋንቋ ሲሰሙ ልባቸው ተከፈተ። ሱቁን ቆለፉና ወደምትሠራበት ሆስፒታል ተከተሏት።

የማህፀን ሐኪሟ ሳትቸኩል ጠየቀቻቸው። ማህፀናቸው ተመረመረ፤ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። ከዚያ የሚለጠፍ ሆርሞን፣ ማህፀንን የሚጠብቅ ክኒን ተጨምሮበት ታዘዘላቸው። መጀመሪያ ትኩሳቱ ጋብ ቢልም ጡታቸውን አመማቸው፤ “አላልኩሽም?” ብለው ሊተዉት ነበር። ነርሷ ግን “ገና ፕሮቫ ላይ ነን” ብላ መልሳ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ ሌሊት ሆነላቸው፤ ተኝተው ያድራሉ።

የሙሽራዋ እጅጌም ተፈቶ ቀና። ማሽን ገዢው ሲመጣ “አይሸጥም ወንድሜ፤ ባለቤቱ ተመልሳለች” አሉት። ለወንድማቸው ልጅ ለነርሷ ነጭ ጋዋን ሰፍተው፣ ራሳቸው እያለበሷት “ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ፤ እኔን ለራሴ መለስሽኝ” ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አንድ ቀን ልኳን የሚወስዱላት ደንበኛ ድንገት ፊቷ ቀልቶ፣ በላብ ተጠመቀች።

“እትዬ፣ ከዚያ ከሚለጠፈው አንድ አይሰጡኝም? እርስዎን አድኖ የለ!” አለቻቸው።

“ወይ ፍንክች!” አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሩን ከወገቧ ላይ እየፈቱ። “ይሄ የኔ ልክ ነው። በሰው ልክ ለብሼ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። ነይ፣ ልክሽን የምትወስደው ሐኪም ዘንድ ላድርስሽ፤ ቀሚሱ ይቆየን።”

ሹራባቸውን ደረቡና መብራቱን አጥፍተው ቀድመው ወጡ።