የኦቦ ቢቂላ አምስት ቁጥር

ኦቦ ቢቂላ ቡራዩ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ጥሩምባቸውን ሰቅለው የቀብር ጥሪውን በቴሌግራም ግሩፕ ማስተላለፍ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆናቸው። ስድስት መቶ እድርተኛ የእሳቸውን ስም ስልኩ ላይ ካየ «ቀብሩ የት ነው?» ይላል እንጂ «እውነት ነው?» ብሎ አያውቅም። ሽማግሌው ከዚህ የሚበልጥ ሹመት አያምራቸውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለእድሩ ድንኳን ሸራ ሊገዙ ወደ መርካቶ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። የሚያለቅስ ጎልማሳ ነው። ሰው እንደሞተበት ነግሯቸው፣ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ለእድርተኛው እንዲናገር አሁን በመልእክት የደረሳቸውን አምስት ቁጥር እንዲያነቡለት በእናታቸው አፅም ለመናቸው። ኦቦ ቢቂላ ሐዘንተኛ ለምኗቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አደረጉና «ሰባት… ሁለት…» ማለት ጀመሩ።

ይኼኔ ከኋላቸው የቆመች ወጣት እጇን ሰዳ የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ጣቢታ ትባላለች፤ የሰፈሩ ልጅ ናት፣ ገበያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠባት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ ቢቂላ፤ ቁጥሩን እንዳይጨርሱት።»

«አንቺ ኢንታሎ፣ አካም ጅርታ ብለሽ ሰላም እንኳ ሳትዪ የትልቅ ሰው ስልክ ትይዣለሽ? ሰውየው ሐዘን ላይ ነው። ሐዘንተኛን እምቢ ማለት በእኛ እድር ነውር ነው።»

«ነውርነቱን አልክድም። ነገር ግን ያ ቁጥር ቁልፍ ነው። የተቀበለዎት ሰው በስምዎ ገብቶ፣ እርስዎን አስወጥቶ፣ በእርስዎ አፍ ይናገራል።»

«እኔ ድሃ ነኝ ልጄ። ከእኔ ስልክ ምን ይወስዳሉ?»

«መታመንዎን ነዋ።»

ነገሩ ቆረቆራቸው፤ ቢሆንም ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ አይረታም። ጣቢታም አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ በጥሩምባው ዘመን የማያውቁት ሰው መጥቶ «ስጡኝና እኔው ልንፋ» ቢላቸው ይሰጡት ነበር ወይ? ኦቦ ቢቂላ ሳቁ። ጥሩምባቸውን ለገዛ ወንድማቸውም ሰጥተው አያውቁም፤ የሟቹን ስምና የእድር ምድቡን ሳይጠይቁም ነፍተው አያውቁም። እንግዲያው ይህንንም ይጠይቁት ብላ መዳፏን አነሳች።

ሰውየው ለቅሶውን ትቶ ማጣደፍ ጀምሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የእንዲህ ያለው ሌባ ዋና መሣሪያ ጥድፊያ ነው።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ ኦቦ ቢቂላ። «ሟቹ ማን ይባላል? ምድባችሁስ ስንተኛው ነው?»

ሰውየው «ሦስቱን ቁጥር ጨርስ፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎ ሰደባቸውና ዘጋው።

ሰልፈኛው ጉድ አለ። ኦቦ ቢቂላ ድንጋጤው ከደስታ፣ ደስታው ከንዴት ተደባለቀባቸው። «የእድራችን እማማ ማሪቱ ልጇ ቤሩት ናት» አሉ። «በእኔ ስም ‹ልጅሽ ሞተች፣ አስከሬን ማስመጫ ገንዘብ ላኪ› ብለው ቢጽፉላትስ?» ማን ያርዳ የቀበረ ይባል ነበር፤ ለካ ዛሬ ያልቀበረም ያረዳል።

ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱ ግን አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጡ። ጣቢታ እየነገረቻቸው ሽማግሌው ቁጥሩ ቢሰረቅ እንኳ ቴሌግራሙ እንዳይከፈት በገዛ ጣታቸው ሁለተኛ የይለፍ ቃል አበጁ። እሷ የስልኩን ጀርባ ገልብጣ ስታይ ደግሞ የመክፈቻው ቁጥር በፕላስተር ተለጥፏል። ቢታመሙ ቀብር እንዳይስተጓጎል፣ የኮሚቴው ሰው ሁሉ እንዲከፍተው ብለው ነው። ጣቢታ ሳቋን ዋጠችና፣ ምክትላቸውን በራሱ ስልክ የግሩፑ አስተዳዳሪ ካደረጉት የእሳቸውን ስልክ ማንም መክፈት እንደማያስፈልገው አስረዳቻቸው። ኦቦ ቢቂላ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡት።

እሁድ ጣቢታን አስከትለው በእድሩ ስብሰባ ላይ ጥፋታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። የመጣ ቁጥር ለማንም፣ ለሐዘንተኛም ቢሆን እንዳይነበብ፤ ሁሉም ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዲያበጅ፤ ከማይታወቅ ሰው የተላከ ሊንክ እንዳይነካ፤ አጠራጣሪ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ የሟቹን ዘመድ መጠየቅ እንዲቀድም አሳሰቡ። ይህን ያደረገ እንቅልፉን ይተኛል፣ ጎረቤቱንም ከሐሰት እንባ ያድናል አሉ። አንዳንዱ ግን ይህ የወጣቶች ጣጣ ነው ብሎ አጉረመረመ።

እማማ ማሪቱ ከኋላ ተነሡ። «የማንን ሞት ሊያረዱን ነበር?»

«የፈለጉትን ሰው፣ ማሪቱ። በእኔ አፍ።»

አሮጊቷ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው በወንበሮቹ መካከል አለፉና ጣቢታ እጅ ላይ አኖሩት።

«በይ ልጄ፣ ከእኔ ጀምሪ» አሉ።