«እኔ ነኝ» መልስ አይደለም

እሺ... ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ማይኩን ጠዋትም ሞክሬዋለሁ፣ ከምሳ በኋላም ሞክሬዋለሁ፤ ግን ለማንኛውም ልጠይቅ ብዬ ነው። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው የአይቲ ክፍል ውስጥ በር ቆልፎ ደረጃውን ከወጣ በኋላ መቆለፉን ለማየት ተመልሶ የሚወርድ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው ፊታችሁ ቆሟል።

አሁን አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ነው። ሰዓቱን ለምን እንደማይ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ነገር እንደሚዘጋና በዚሁ ጭንቀት ከሰኞ ጀምሮ እህል በአፌ እንዳልዞረ ብቻ ያዙልኝ።

እትዬ፣ ዛሬ በጡረታ ከመሸኘታችን በፊት መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ላስታውስዎት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። አዲስ የአይቲ ኃላፊ ይመጣሉ ተብለን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ዋናው በር ላይ ተሰልፈናል። ሁለት ተኩል ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ የሉም። ዳይሬክተሩ «በመጀመሪያ ቀን የሚያረፍድ ኃላፊ!» ብለው ተበሳጭተው ወደ ቢሯቸው ወጡ። እኔም ወደ ሥራዬ ብዬ ሰርቨር ክፍል ስገባ፣ አንዲት ሴትዮ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ሰርቨሩ ላይ አስደግፈው፣ ብርቱካን ይልጣሉ።

«ማነው?» አሉኝ። እኔን! በገዛ ክፍሌ!

«እ... እኔ ነኝ።»

«እኔ ማለት ማን ነው? ሁሉም ሰው እኔ ነው።»

ከዚያ ተነሥተው ቀጥ ብለው ዳይሬክተሩ ጋ ሄዱና አቤት አሉ። እስቲ አስቡት፤ ሰው ሁሉ «አላስገባ አሉኝ» ብሎ ነው የሚከሰው። እሳቸው «ማንም ሳይጠይቀኝ አስገቡኝ» ብለው ከሰሱ። «በኋላ በር ገብቼ፣ በልብስ ማጠቢያው አልፌ እስክደርስ ሰባት ሰው ሰላም አለኝ፤ ማነሽ ያለኝ ግን አንድ የለም። ብርቱካን ባይሆንና መጥረቢያ ይዤ ብመጣስ?» አሉ። ሲስተሮቹ በዚያው ቀን «እትዬ ማነው» ብለው ስም አወጡላቸው። ዛሬ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ከመታወቂያቸው በቀር ያለ አይመስለኝም።

ባለቤታቸው እዚህ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ያጫወቱኝን ልናገርብዎት ነው። እኚህ ሰው የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩተው፣ ከውስጥ «ማነው?» ሲባሉ፣ ስማቸውን ከነአባት ከነአያት ተናግረው ነው የሚገቡት። በትዳር ሠላሳ ስድስት ዓመት! አዩ፣ ሳቁ፤ እውነት ነው ማለት ነው።

ለእንግዶቻችን ያኔ ሆስፒታላችን ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። በየሕሙማን ክፍሉ አንድ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ፓስወርዱ ተጽፏል። ፓስወርዱ የሆስፒታሉ ስም ሆኖ ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር ይከተለዋል። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ አንሶላ ሊወስድ የመጣውም በዚያው ይገባል። እንዲያውም አንድ ቀን አንድ ታማሚ ከአልጋው ሆኖ ወረቀቱን አነበበና «ሲስተር፣ አትድከሚ፣ ውጤቴ ደርሷል፤ አይቼዋለሁ» አላት። ሲስተር፣ ዋሸሁ? ራሷን እየነቀነቀች ነው።

ይሄ የሚያስቀው ነው። የማያስቀውን እትዬ በሦስተኛው ሳምንት አገኙት። የድሮው ፋርማሲስት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሞተ በስምንት ወሩ መድኃኒት እያወጣ ነበር። ከሞተ በኋላ ከብዙዎቻችን ይልቅ በሰዓቱ ሥራ ይገባ ነበር። አካውንቱን የዘጋው ስላልነበረ ፓስወርዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ሲጠቀምበት ከርሟል። ሲወጣ የነበረው ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል «አለቀ» እየተባለ ሰው የሚቃትትበት መድኃኒት። እትዬ ያን ቀን አልቀለዱም፣ አልጮሁምም። «የሄደ ሰው አካውንት በሄደበት ቀን ይዘጋል። ማንም ይሁን ማን» አሉ። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ለኔ ጣጣ ትሆናለች።

ከዚያ ሻጩ መጣ። ጫማው ፊት የሚያሳይ ሻጭ፤ ማን እንደሆንክ የሚጠይቅና የትኛው በር እንደተፈቀደልህ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ይዞ። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ውስጡን ማየት ይቻላል?»

«አይቻልም፤ የድርጅቱ ሚስጥር ነው።»

«ታዲያ ፊቱን ያላየሁትን ዘበኛ በሬ ላይ ላቁም?»

ሻጩ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። እሳቸው የፈለጉት ኦፕን ሶርስ የሚባለውን ነው፤ ኮዱ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ፣ የፈለገ የሚያነበው፣ የቻለ የሚያስተካክለው። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ለሁሉም ክፍት? ሌባም ያየዋላ!»

«ጌታዬ፣ ጓጉንቸር እንዴት እንደሚሠራ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ያውቃል። መክፈቻው ግን ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ብዙ ዓይን ያየው ነገር ደግሞ ጉድለቱ ቶሎ ይገኛል። የኛ ቤት እኮ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሶፍትዌሩ ዝግ፣ በሩ ክፍት!»

በማግስቱ ሊፍቱ ውስጥ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ «ኮዱ ክፍት፣ በሩ ዝግ። ተገላቢጦሽ እንዳይሆን!» ከዚያ ማን ያቁማቸው። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ «እዚህ ስትገባ ትቆልፋለህ። ኮምፒውተሩንስ?» ምሳ የምንበላበት አዳራሽ ውስጥ፣ «ፓስወርድህን ለጓደኛህ ነገርከው? እንግዲህ እሱ ሲያጠፋ አንተ ትጠየቃለህ። መልካም ወዳጅነት።» ይሄኛው ሁለት ጓደኛሞችን አጣልቷል፤ አሁን እዚያ ጥግ አብረው ተቀምጠዋል፤ ፓስወርዳቸው ግን ለየብቻ ነው።

ያቺን ከግድግዳው የተደገፈች በር ታዩአታላችሁ? አናጢያችን ነው ለእትዬ የሠራት፤ ከነመቃኗ፣ ግድግዳ የሌላት በር። በጠቅላላ ስብሰባው ቀን መድረኩ ላይ አቆሟትና ሁላችንንም በተራ እንድናንኳኳ አደረጉ። እሳቸው ከበስተኋላዋ። «ማነው?» «እኔ ነኝ።» «አልከፍትም!» ቀጣዩ። «ማነው?» «እኔ ነኝ።» «አልከፍትም!» አንድ ሰው ሳይቀር «እኔ ነኝ»! የቀዶ ሕክምናው ሐኪማችን ተናደደና በበሩ ጎን ዞሮ ገባ። እትዬ አጨበጨቡለት። «አያችሁ? አሁን ያለው አሠራራችን ይኸው ነው!» በመጨረሻ ዳይሬክተሩ መጡ።

«ማነው?»

«ዳይሬክተሩ!»

«መታወቂያ?»

መታወቂያቸው መኪና ውስጥ ነበር። ዝናብ ላይ ሄደው አመጡ፤ ጠብ ጠብ እያሉ ተመልሰው በዚያች በር ገቡ፤ በዚያው ቀን ሶፍትዌሩ እንዲገባ ፈረሙ።

አሁን ደግሞ እትዬ እንዳይነሣባቸው የሚፈልጉትን ላንሣ። ሶፍትዌሩ ሥራ በጀመረበት ቀን የሁሉንም ሰው ፈቃድ አንድ በአንድ ሲያጣሩ፣ «ይሄኛው ደግሞ ልኩን ያለፈ ሥልጣን ይዟል» ብለው ሰረዙት። የራሳቸው ነበር። መልሰው ሊገቡ ሲሉ ማያ ገጹ «ማነው?» አላቸው። የመግቢያው ሳጥን ላይ «ማነው?» የሚለውን የጻፉት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው! እኔ ላብ አጠመቀኝ። ሆስፒታሉ እየሠራ ነው፣ ቁልፍ ያዧ ውጭ ናቸው። እሳቸው ግን ሶፍትዌሩን የሚጠግኑ ሰዎች በኢንተርኔት ወደሚነጋገሩበት መድረክ ጻፉ፤ «ራሴን ከውጭ ቆልፌያለሁ። አትሳቁ።» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ የማናውቀው ሰው መለሰ፤ «አልሳቅንም። ሁላችንም ቆልፈን እናውቃለን። እንዲህ አድርጉ።» አደረግን፤ ገባን።

ከዚያ ወዲህ እትዬ የምሳ ሰዓታቸውን ግማሽ እዚያ መድረክ ላይ አይተዋቸው ለማያውቁ ሰዎች መልስ ሲጽፉ ያሳልፋሉ። «ምን ባይዎ ነው?» ስላቸው፣ «ያ ሰውዬ ውለታውን የምመልስበት አድራሻ አልሰጠኝማ» አሉኝ።

አሥር ሰዓት ከአርባ ሦስት። እሺ። ወደ ጣጣው።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋው የእትዬ አካውንት ነው። ራሳቸው ባወጡት ደንብ፣ ራሳቸው በሞሉት ቀን። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ የሕፃናት ክፍሉ በር ሁሉ በኔ እጅ ነው። እኔ ደግሞ እፈራለሁ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ ጧት ሲስተር የታማሚ መዝገብ አልከፈት ብሏት ስትደውል፣ እኔ መልሱ ሲጠፋኝ፣ አልጋው ላይ ያለው ሰው ሲጠብቅ ይታየኛል። ባለፈው ወር ለመንኳቸው። «እትዬ፣ ሦስት ወር ብቻ ክፍት ይቆይልኝ፤ ለክፉ ቀን።» «ሟቹን ረሳኸው?» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ያደረግኩትን ልናዘዝ። ምሳ ሲወጡ ጠብቄ የመዝጊያ ቀናቸውን በሦስት ወር ገፋሁት። በስውር። ይሄ ሶፍትዌር ግን እንዲህ ያለውን ለውጥ ሁለተኛ ሰው ካላጸደቀው አይቀበልም። «ጥያቄዎ ለሁለተኛው አጽዳቂ ተልኳል» አለኝ። ጣቴን ገና ሳላነሣ ትዝ አለኝ። ሁለተኛዋ አጽዳቂ እትዬ ናቸው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የምደብቀው ከማን እንደሆነ ረስቼ ለራሳቸው ማመልከቻ አስገባሁ! ይኸው ከሰኞ ጀምሮ «እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ ያልፋሉ። አላጸደቁም፣ አልሻሩም፣ አልተቆጡም። ረቡዕ እራት ላይ ባለቤቴ «ምነው፣ አመመህ?» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻይ አምጥተው «ስኳር ጨምሬበታለሁ» ብለውኝ ሄዱ። ስኳር! ከዚህ ቁጣ አይሻልም?

እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አጥፍቻለሁ። ብቻ እባክዎ፣ ሳይዘጋ በፊት አንድ ነገር ይበሉኝ።

እ... ስልካቸውን አወጡ። መነጽራቸውንም። ታገሡ፣ በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ነው አራት ቀን ያስጨነቁኝ።

ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሲስተር፣ ማይኩን ያዢልኝ፤ ላንብበው። «ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል።» ቆዩ፣ አታጨብጭቡ። «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ፤ ሁላችንም ባዶውን የምናልፈው። እሳቸው ሞልተውታል። «ምክንያት፦ ፈሪ በሩን ሳያይ አይተኛም። ለዚህ ቤት ከሱ የተሻለ ፈልጌ አጣሁ።»

...ውሃ አቀብሉኝ እስቲ።

እትዬ፣ ይሄን ፍርሃቴን እንደ በሽታ ነበር የማየው። ተመልሼ ስወርድ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ እርስዎ አንድ ቀን «አንተ ቦቅቧቃ» አላሉኝም። «እስቲ ሦስተኛም እይልኝ» ነበር የሚሉኝ። ለካ እያሠለጠኑኝ ኖረዋል። አመሰግናለሁ። ሁላችንም እናመሰግናለን፤ ሰውን ማነህ ብሎ መጠየቅ ንቀት ሳይሆን ጥበቃ መሆኑን ያወቅነው ከእርስዎ ነው። ከሟቹ ወዲህ ያለ ስም የወጣ አንድ ብልቃጥ የለም። ቀዶ ሕክምና ክፍል የተኙት ሰዎች ስምዎን አያውቁትም፤ ሕመማቸው የታገሠላቸው ግን በእርስዎም ጭምር ነው።

ፍርሃቱ ለቀቀህ ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቀኝም። አሁንም ልቤ ድው ድው ይላል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛዋ አጽዳቂ ሲስተር ናት፤ ከሷ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ሕሙማኑ ይመስክሩ። የማላውቀው ሲገጥመኝ ደግሞ ያ መድረክ ለማንም ክፍት ነው፤ የሆስፒታሉ አካውንት አይጠይቅም። እዚያ በምሳ ሰዓት አንዲት ጡረተኛ መልስ እንደሚጽፉ አውቃለሁ። «ራሴን ከውጭ ቆልፌያለሁ፣ አትሳቁ» ብዬ እጽፋለሁ።

ሁለት ደቂቃ ቀረው። ብርጭቆአችሁን ያዙ።

እትዬ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ብርቱካንዎን ከሰርቨር ጩኸት ርቀው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይላጡ። ለጋሼም ምሕረት ያድርጉላቸው፤ ከእንግዲህ በአባት ስም ብቻ ይግቡ፣ የአያት ይቅርላቸው።

ጮኸ? የእርስዎ ስልክ ነው? ያንብቡልን። «አካውንትዎ ተዘግቷል።» አሥራ አንድ ሰዓት፣ በደቂቃው።

ስንናፍቅዎት ይምጡ። በኋላ በር ግን አይሞክሩ፤ ቆልፌዋለሁ፣ ሁለቴም አይቼዋለሁ። በዋናው ገብተው፣ ምድር ቤት ወርደው የኛን በር ያንኳኩ። «ማነው?» እላለሁ፤ ማንም ይሁን ማን ሳልጠይቅ አልከፍትም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ስምም አይንገሩኝ፣ መታወቂያም አያሳዩኝ። «እኔ ነኝ» ይበሉ። ለእርስዎ ብቻ ይበቃል፤ ይሄን ደግሞ ሁለተኛ ሰው እስኪያጸድቅልኝ አልጠብቅም።

ለእትዬ ማነው! አንሡ!