ፊቱ የሌለበት ፎቶ

(ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፤ አሥር ሰዓት አልፎ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ነው፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባታቸው ጠዋት ከቤት ወጥተው ስለጠፉባቸው ሲፈልጉ የዋሉት ዚነትና ታናሽ ወንድሟ ይማም የአባትየው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል።)

ዚነት፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ይማም፦ ጥላው።

ዚነት፦ የምን ጥላ?

ይማም፦ የአባባ። ጠዋት ግቢው ውስጥ ሲቆም ግድግዳው ላይ የሚያርፈው።

ዚነት፦ ይማም፣ ፖሊሱ አምጡልኝ ያለን የፊቱን ፎቶ ነው። ጥላውን ለጥፈን "ይህን ሰው ያያችሁ" እንበል?

ይማም፦ ቆይ፣ እየፈለግሁ ነው።

ዚነት፦ ከመጣሁ ጀምሮ እየፈለግህ ነው። ስንት ሺህ ፎቶ ባለበት ስልክ አንድ የአባትህ ፊት ይጥፋ? ጫማው አለ። ከዘራው አለ። ኩሬ አለ፣ የተሰጣ አንሶላ አለ። የጎረቤት ድመት እንኳን ፊቷ አለ።

ይማም፦ ድመቷ ዝም ብላ ትቆማለች።

ዚነት፦ አትቀልድብኝ።

ይማም፦ ምኑን ልቀልድ። መታወቂያውን በኪሱ ይዞት ወጥቷል። የሠርጉን ፎቶ ብንለጥፍ ደግሞ ማንም እሱ ነው አይልም፤ ጎፈሬና ጥቁር ሪዝ ብቻ ነው።

ዚነት፦ ሊመሽ ነው እኮ። ኮቱ ይኸው ተሰቅሏል። እሱን የሚያህል ሽማግሌ በሸሚዝ በዚህ ብርድ ውጭ ካደረ...

ይማም፦ አትጨርሺው።

ዚነት፦ ሲወጣ አንተ የት ነበርክ?

ይማም፦ ውሃ ልቀዳ ሄጄ። ስንት ቀን ጠፍታ ዛሬ መጣች፣ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፏል። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል።

ዚነት፦ ቆልፈኸው ብትሄድ ምን ነበረበት?

ይማም፦ ስቆልፍበት ያለቅሳል። አንቺ ሲያለቅስ አላየሽውም። በስልክ አይታይም።

ዚነት፦ እሺ፣ ጀመርክ።

ይማም፦ ምን ልበል? ለረመዳን እመጣለሁ አልሽ፣ ቀረሽ። ለአረፋ አልሽ፣ ቀረሽ። ዛሬ ከሎጊያ መጥተሽ በር አቆላለፍ ታስተምሪኛለሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዚነት፦ ውሻ አልከኝ?

ይማም፦ ተረት ነው የተረትኩት።

ዚነት፦ እኔም ልተርትልህ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ከእሱ ጋር አንድ ቤት እየኖርክ የጀሪካን አፍ ፎቶ ስታነሳ ትውላለህ።

ይማም፦ አዎ፣ አነሳለሁ። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ፀሐይ ቢያገኘው ያምራል። አንሶላውም ነፋስ ሲገባበት ያምራል። እዚህ ቤት ከእሱ ጋር ተዘግቼ ስውል ሌላ የማየው ምን አለኝ? ያንን ካላየሁ እኔም እንደሱ እሆናለሁ።

ዚነት፦ እሺ፣ እሱስ አያምርም? ለምን ፊቱ የለም?

ይማም፦ ስልኩን ወደ ፊቱ ሳዞር ቀና ብሎ ያየኛል። ያየኝና "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ይለኛል።

ዚነት፦ አንተን?

ይማም፦ እኔን። ደግሞ በትሕትና ነው፣ እንደ እንግዳ። የመጀመሪያው ቀን "ያንተ" አልኩት። "ማሻ አላህ፣ አባትህን አላህ ያቆይልህ" ብሎ መረቀኝ። ከዚያ ወዲህ ከፊቱ ቆሜ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ከጀርባው ሳየው ግን አባቴ ነው። እጁ ያው እጁ ነው፣ ጥላውም ያው ነው። ማን ነህ አይለኝም።

ዚነት፦ ለምን አልነገርከኝም?

ይማም፦ ምን ብዬ? አንቺንማ በስምሽ እየጠራ ያወራሻል። ትናንት "ዚኑዬ" ሲልሽ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዚነት፦ ነገ እመጣለሁ ስለው "አይዞሽ፣ ሳትወጪ እደርሳለሁ" አለኝ። ከየት እንደምወጣ አልገባኝም። ዝም ብዬ እሺ አባባ አልኩት።

ይማም፦ ሲቀላቀልበት ነው። እኔም ስንቱን እሺ እያልኩ አልፋለሁ።

ዚነት፦ በል አሳየኝ። ከጎኑ የተነሳ እንኳን አንድ አይጠፋም። ይሄስ?

ይማም፦ እሱ ምንም አይደለም፣ እለፊው።

ዚነት፦ ቆይ። መስኮቱ ላይ የተደረደረው ቀይ ነገር ምንድን ነው?

ይማም፦ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ፍሬ ነው። ብርሃኑ ደስ ብሎኝ ነው ያነሳሁት። ጁምዓ ከሰገደ በኋላ አብረውት ከሚሄዱት ጎረቤቶች ተነጥሎ ይዘገያል። ሲመጣ ኪሱ በዚህ ተሞልቶ ነው። እንድጥለው አይፈቅድም።

ዚነት፦ እዚህ ሰፈር ቁንዶ በርበሬ የት አለ?

ይማም፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ይለቅማል፣ ይመጣል፣ ይደረድራል። ይኸው፣ ይሄኛው ዝናብ የዘነበ ቀን ነው። እዚህ ላይ እጁ አለ፣ አንድ በአንድ ሲያስቀምጥ። "አትንኩባት፣ የወጧ ነው" ይላል ሁልጊዜ። የማን ወጥ ስለው አይመልስልኝም።

ዚነት፦ ያ ረቢ።

ይማም፦ ምነው?

ዚነት፦ የኔ ነው። የዕቃ ዕቃ ወጤ ነው። አንተ ሳትወለድ፣ ስንጫወት በርበሬ የማደርገው እሱን ነበር። አባባ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ላይ ያለው ዛፍ ሥር ቆሞ፣ እስክወጣ እየለቀመ ኪሱን ይሞላልኝ ነበር።

ይማም፦ የቱ ትምህርት ቤት?

ዚነት፦ ሸዋ በር ሰፈር የነበረው።

ይማም፦ እሱማ ተዘግቶ በቆርቆሮ ታጥሯል። እኛ መስጊዱን፣ ገበያውን፣ ሆስፒታሉን ነው ያሰስነው። እዚያ ማን ይፈልጋል?

ዚነት፦ ዛፉ አለ። ዛሬ የመጣሁበት ሚኒባስ በፊቱ ነው ያለፈው። ከሥሩ ሰው ይኑር አይኑር ግን ልብ አላልኩም።

ይማም፦ አብሽሪ፣ ዚነት። ሌላ ጊዜ እኮ ቢዘገይም ይመለሳል። እዚያ ቢሆን እስካሁን ይመጣ ነበር።

ዚነት፦ ሌላ ጊዜ ነገ እመጣለሁ ያለው የለም። ለዛሬ ግን እመጣለሁ ብየዋለሁ። ሳልወጣ አይመለስም። አንድ ቀን አስተማሪ ቀጥታኝ ሁሉም ወጥቶ እኔ ስቀር፣ በዝናብ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። ተነስ፣ ኮቱን ያዝ።

ይማም፦ ከሌለስ?

ዚነት፦ ከሌለ አላውቅም። ሌላ የማውቀው ቦታ የለኝም። ተነስ ብቻ።

ይማም፦ እሺ። ስንደርስ ግን አንቺ ውረጂ፣ እኔ ባጃጁ ውስጥ እቆያለሁ።

ዚነት፦ ለምን?

ይማም፦ አንቺን ያውቅሻል። ቀኑን ሙሉ ፈልጌው ሳበቃ ያንን ጥያቄ ቢጠይቀኝ፣ ዛሬ አልችለውም።

ዚነት፦ ስልክህን አትርሳ።

ይማም፦ ስልኩ ምን ይሠራል?

ዚነት፦ ዛሬ ከፊቱ ቆመህ ታነሳዋለህ። የማን ልጅ ነህ ካለህ፣ የዚኑ ወንድም ነኝ በለው።