የጋሼ ጀርባ ወንበር

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ አይገናኙም ነበር። ሴትዮዋ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ስም በደብተር ይዛ ከጋራዥ ወደ ማተሚያ ቤት እየዞረች ከአሠሪ ጋር የምታገናኝ የማኅበር ሠራተኛ ናት። ደብተሯ እንዳይርስባት ሮጣ የገባችው የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑ ሽማግሌ ሱቅ ነበር።

ሰፈሩ ሽማግሌውን «ጋሼ ጀርባ» ይላቸዋል። መኪና የሚፈቱትም፣ ዘይት የሚቀቡትም በሰው ፊት ነው። መርፌው የታችኛውን ክር የሚያገኝበትን ልክ ሲያበጁ ግን ወንበራቸውን አዙረው ጀርባ ይሰጣሉ። ልኩ ከተሳሳተ መኪናው ስፌት እየዘለለ ባለቤቱን ያበግናል፤ የሚኖሩበት ሙያ እሱ ነውና ለማንም አያሳዩም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዝናቡ አባሮ አስገባኝ።»

«ግቢ ልጄ» አሉ ዞር ሳይሉ። ወዲያው ትንሿ ብሎን ከጣታቸው አመለጠች። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«እግርዎ ሥር ናት» አለችና አንስታ ሰጠቻቸው። «ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?»

«አቧራ ነው።»

አቧራ አልነበረም፤ ዓይናቸው እየደከመ ነው። በዚህ ወር ብቻ የጠገኗቸው ሦስት መኪናዎች ተመልሰውባቸዋል። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋታቸው እንደማይቀር ልባቸው ያውቀዋል።

«ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ አለች» አለች ሴትዮዋ። «እጇ አርፎ አያውቅም፤ የእናቷን የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር ፈታ ትገጥማለች። እርስዎ ዘንድ ትምጣ?»

«አስተምሬያት ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ትክፈት? ሞኝሽን ፈልጊ!»

«እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

«ማንም! የቀጠረኝ ጌታዬም ጀርባውን ነበር የሚሰጠን። የእጁን እንቅስቃሴ በመስኮቱ መስታወት እየሰረቅሁ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። አራት ሆነን ጀምረን ሦስቱ ሰልችቷቸው ሄዱ።»

«አሁን ለሰው ማስረዳት ቢፈልጉስ ስንት ቀን ይበቃል?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። «ለጎበዝ... አሥር ቀን።»

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ንፉግ አልነበሩም። ሲያድግ ጀርባ ብቻ ያየ ሰው ሙያ የሚጠበቀው እንደዚያ ይመስለዋል።

«በዚህ ሰፈር የሚበላሸውን መኪና ሁሉ እርስዎ ይጨርሱታል?»

«ከየት አምጥቼ! ገሚሱን ሌላ ከተማ ይልኩታል።»

«ታዲያ ከልጅቷ ጋር የምትሻሙት ምኑን ነው?»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ሁለቱም ልብ አላሉም። ጋሼ ጀርባ በእጃቸው ያለችውን ብሎን ሲያገላብጡ ቆዩና «ሰባት ዓመት ጀርባ ማየት ለእኔ ይብቃ። ሰኞ ትምጣ» አሉ።

ልጅቷ ሰኞ ስትመጣ ወንበሩ ወደ እሷ ዞሮ ጠበቃት። ልኩን ያገኘችው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ሽማግሌው ግን ለሰው ሁሉ «በዘጠኝ ቀን!» እያሉ ያወራሉ። የተጠገነ መኪና መመለሱ ቀረ፤ የራቁ ደንበኞችም መጡ። ልጅቷ ደሞዝ አግኝታ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ወጪ መሸፈን ጀመረች፣ ለሌላ ሠልጣኝም ሁለተኛ ወንበር ተገዛ።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ልትጠይቃቸው ብቅ ስትል ልጅቷ ጀርባዋን ለሠልጣኙ ሰጥታ ትሠራለች።

«አንቺ! ዞሪ! ይህን ከማን ተማርሽ?» ብለው ጮኹ ጋሼ ጀርባ።

«ጋሼ፣ የመስኮቱ ብርሃን በዚህ በኩል ስለሆነ እኮ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ገፉት፤ ሠልጣኙም ብርሃኑም በአንድ በኩል ሆኑ። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ቀን ያነሳሽልኝ ብሎኗን ብቻ አይደለም።»