አሥራ አንደኛው ቅጽ በጋሽ ልኬት ስም እንዴት እንደተሞላ

የምስክር ቃል መቀበያ

ቃል ሰጪ፦ በሆስፒታሉ የአሠራር ንድፍ ቡድን ጀማሪ ባለሙያ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 23
የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከተመረቀች ሰባት ወር
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእናቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ፣ በመርማሪው ክፍል
ጉዳዩ፦ በመድኃኒት መጋዘኑ ስለተበላሸው ክትባት
አቀራረቧ፦ ሳትጠራ፣ በራሷ ፈቃድ

ሰው በገዛ እጁ የፈረመውን ወረቀት ፊቱ አስቀምጠውለት እንዴት አልፈረምኩም ይላል? ከሰኞ ጀምሮ በሆስፒታሉ ይህን ያልጠየቀ ሰው የለም። ዛሬም ገና ከመቀመጤ መርማሪው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። የመጣሁት መልሱን ስለማውቅ ነው። ጋሽ ልኬት አልፈረሙም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ልኬት የምላቸው የመድኃኒት መጋዘኑን ኃላፊ ነው። ምንም ነገር ሳይለኩ ስለማያልፉ ሠራተኛው ያወጣላቸው ስም ሲሆን፣ በዚሁ ስም ሲጠሩም አቤት ይላሉ። በአሁኑ ሰዓት በቸልተኝነት ተጠርጥረው በዚሁ ጣቢያ ታስረው እንደሚገኙ፣ ጡረታ ለመውጣትም አራት ወር እንደቀራቸው አውቃለሁ።

ሥራዬን እንዳስረዳ በተጠየቅሁት መሠረት፣ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲውና ሌላውም ክፍል ሁሉ ለየራሱ ኮምፒውተርና መዝገብ አለው፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። አንድ በሽተኛ ስሙን አምስት በር ላይ ያስጽፋል። የእኛ ቡድን የተቋቋመው ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ ቤት የሚሠራበትን ንድፍ ለማውጣት ነው። ሦስት ነን፤ የቡድኑ መሪ፣ አንድ ቴክኒሻንና እኔ። የምንከተለው ዘዴ በደረጃ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ሥራው እስከ የት እንደሚደርስና በምን ጉዳይ ማን እንደሚወስን ይጻፋል። ቀጥሎ ሆስፒታሉ ወደፊት ምን እንዲመስል እንደሚፈለግ በአንድ ሥዕል ቀርቦ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ ይስማሙበታል። ዛሬ ያለው ነገር በዝርዝር የሚጠናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕቃ የሚነሣውና የሚተከለው ደግሞ በመጨረሻ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የቡድኑ መሪ፣ «እስከዚያ ድረስ ከብዕር በቀር ምንም ነገር አትነኪም» ብለውኝ ነበር።

ለስምምነቱ እንዲረዳ በየክፍሉ እየዞርኩ አሥራ አንድ ቅጽ እንዳስሞላ ታዘዝኩ። ቅጹ የክፍሉ ሰው ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚሠራና መሣሪያው ቢነሣ የትኛው ሥራ እንደሚቆም ይጠይቃል። ከታች መልሱን የሰጠው ሰው ይፈርማል። ባለፈው ሳምንት ሰኞና ማክሰኞ አሥሩን ክፍሎች በእግሬ ዞሬ ጠይቄአለሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ «ኮምፒውተሮቹን ልታጋቢያቸው ነው አሉ፤ በቅድሚያ እኔንና አለቃዬን አስታርቂን» ብሎ አስቆኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። በየሄድኩበት የሚነግሩኝን ችግር ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ የምንፈታው ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ወረድኩ። ጋሽ ልኬት የክትባት ካርቶን እየተረከቡ ነበር። እናቴ በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ስለምትሠራ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። «አንቺ፣ የእጥበቷ ልጅ አይደለሽም? አድገሽ ወረቀት ያዝሽ። ግቢ፤ በሩን ግን ዝጊው፣ ቅዝቃዜው የኔ አይደለም፣ የሕፃናቱ ነው» አሉኝ። እኔም ለአሥር ደቂቃ ብቻ እንደምፈልጋቸው ነገርኳቸው። «በአሥር ደቂቃማ ስሜን ብቻ ነው የምነግርሽ። አሁን እጄ ሥራ ይዟል። ስምንት ሰዓት ላይ ነይ፣ ከሥር ከመሠረቱ አጫውትሻለሁ» አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ስወጣ ጥግ ላይ ፕላስቲክ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አየሁ። ማያው ጥቁር ነበር፣ ምንም አያሳይም። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ስምንት ሰዓት ላይ አልተመለስኩም። ሌላ አስቸኳይ ሥራ ነበረሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አልነበረኝም። የወደፊቱን ሆስፒታል ሥዕል እየሳልኩ ነበር። አንድ በር፣ አንድ መዝገብ፣ ከዚያ ወደየክፍሉ የሚሄዱ ቀስቶች። ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩት። ደስ ብሎኝ ስለነበር ሰዓቱን ልብ አላልኩም። 11 ሰዓት ላይ የቡድኑ መሪ በሩን ከፈት አድርገው፣ «ነገ ለዳይሬክተሩ እናቀርባለን፤ አሥራ አንዱም ተሟልቷል?» ሲሉኝ ተሟልቷል አልኩ። እሳቸው እንደሄዱ አሥራ አንደኛውን ቅጽ ራሴ ሞላሁ። ስለ ኮምፒውተሩ «አገልግሎት የማይሰጥ»፣ ቢነሣ ስለሚቆመው ሥራ «የለም»፣ በአስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ «ቢነሣልኝ ደስ ይለኛል» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ማንም ጻፊ አላለኝም፤ ቅጹ ሰው የተናገረበት እንዲመስል ብዬ ነው። ፊርማቸውን አይቼ ስለማላውቅ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ስቤ ጨረስኩ። ጥናቱ ገና መጀመሪያው ላይ ስለሆነ በኋላ ሄጄ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በስብሰባ አዳራሹ ቀረብን። ዳይሬክተሩ፣ «ሥዕሉ ያምራል። ሥዕል ግን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። እስከ ሰኞ ዓይን የሚሞላ ነገር አሳዩኝ» አሉ። የቡድኑ መሪ ገና በስምምነቱ ደረጃ ላይ እንደሆንን፣ በዚህ ደረጃ ዕቃ እንደማይነካ አስረዱ። ዳይሬክተሩ ቅጾቹን እያገላበጡ የእኔን አሥራ አንደኛ መዘዙ። «ይኸው፣ ባለቤቱ ራሱ አንሡልኝ እያለ ፈርሟል። አንድ ሬሳ ለማንሣት ስንት ደረጃ ነው የሚያስፈልገው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። የቡድኑ መሪ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰውየውን ጠይቀሻል አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ምላሴ ሳይደናቀፍ ነው ያልኩት። ማክሰኞ ያደረግሁት ስንፍና ሊባል ይችላል፤ የረቡዕ ግን ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ የዋሸሁት ስለሆነ ስም አላወጣለትም።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ቴክኒሻኑ ዳይሬክተሩ ባዘዙት መሠረት ኮምፒውተሩን ነቅሎ ወሰደ። ጋሽ ልኬት ባለቤታቸውን ዓይን ሐኪም ቤት ለማድረስ ከሰዓት በኋላ አስፈቅደው ስለነበር በቦታው አልነበሩም። ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም፣ መጋዘኑ ተዘግቶ ሳለ፣ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ትልቁ የክትባት ማቀዝቀዣ ግን አልተነሣም። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ሥራው አንድ ብቻ ነበር። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ በስልክ መስመር የጋሽ ልኬት ቤት ይደውላል። ማያው ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉትም መደወሉን አላቆመም ነበር። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጥያቄ ይነግሩኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምተን ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ፣ የጮኸችው ክትባት ልትወስድ የመጣች ነርስ ነበረች። ጋሽ ልኬት አልጮሁም። ቴርሞሜትሩን እንደያዙ ባዶውን ጥግ እያዩ፣ «አልደወለችም እኮ። ዘጠኝ ዓመት ስትደውልልኝ ኖራ ቅዳሜ አልደወለችም። ማን ወሰዳት?» ይሉ ነበር። ከስምንት ማለፍ የሌለበት ቴርሞሜትር አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ያሳይ ነበር። እኔ ደረጃው ላይ ከሳቸው ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ቴክኒሻኑ፣ «እርስዎ አይደሉም እንዴ ጋሽዬ የፈረሙት?» ሲላቸው ዝም አልኩ። ፖሊስ መጥቶ ቅጹን ሲያሳያቸው፣ «ይህ የኔ እጅ አይደለም» ሲሉም ዝም አልኩ። በመኪና ሲወሰዱ በመስኮት አየሁ። በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ልጆቻቸውን ታቅፈው ለክትባት የተሰለፉ እናቶች በሌላ ቀን ተመለሱ እየተባሉ ይወጡ ነበር።

ሰኞ ለምን አልተናገርሽም ተብዬ ስጠየቅ፣ ፊርማው ለምርመራ ተልኳል ሲባል ስለሰማሁ እኔ ሳልናገር ነፃ ይወጣሉ ብዬ ነው። ውጤቱ ሳምንታት እንደሚወስድም አብሬ ሰምቻለሁ። ሥራዬንም ፈርቻለሁ።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እናቴን በእጥበት ክፍሉ አገኘኋት። ለጋሽ ልኬት ምሳ አድርሳ መመለሷ ነበር። አንሶላ እያጠፈች፣ «ሰውየው የሚጨነቀው ለፍሪጁ ነው። ማን እየለካው ነው ይለኛል። እዚህ ደግሞ ልኬት የገዛ ፊርማውን መለካት አቃተው እያሉ ይስቁበታል» አለችኝ። ከዚያም፣ «አንቺ እዚያ ቡድን ውስጥ ነሽ፤ ያየሽው ነገር የለም?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ማጠፏን አላቆመችም። ሌላኛውን የአንሶላ ጫፍ አስያዘችኝና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንቺ ያፈሰስሽውን ግን እሱ ነው እየለቀመ ያለው» አለችኝ። ነገ ጣቢያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ስላት፣ «እግር አለሽ» አለችኝ። ስለዚህ ብቻዬን መጥቻለሁ። የቡድኑ መሪም ሆነ ቴክኒሻኑ ቅጹ ሐሰት መሆኑን አያውቁም ነበር።

በመጨረሻ የምጠይቀው ነገር አለ። ጋሽ ልኬት ዛሬውኑ እንዲለቀቁ እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ይህ ቃል ከመዘጋቱ በፊት ለእሳቸው እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ። ስለ እሳቸው ያለ እሳቸው አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ሁለተኛ መድገም አልፈልግም። ያጎደልኩት ካለ ይሙሉት፣ ያጣመምኩት ካለ ያቅኑት፣ ሊሉኝ የሚፈልጉትም ካለ ከሥር ባለው ባዶ ቦታ ይመልሱልኝ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ያየሁትና ያደረግሁት ነው። የጨመርኩበት የለም፤ የቀነስኩት ቢገኝ በሕግ ልጠየቅበት። ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ በራሴ ስም ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ............

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ............

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በምስክሯ ጥያቄ መሠረት ቃሉ ከቀኑ 6፡10 ለመጋዘን ኃላፊው ቀርቦላቸዋል። መነጽራቸው መጋዘኑ ውስጥ ስለቀረ ማንበብ እንደማይችሉ ገልጸው፣ ምስክሯ ራሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንድታነብላቸው ጠይቀዋል። ተፈቅዷል።