ሌዋታንና የኦይታ እጅ

ሄሎ… ሄሎ፣ ማነው? — ፋኑኤል። ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ? ከእሁድ ጀምሮ ስደውል አታነሳም። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታመጣለች ብለህ ነው።

… ስብሰባ? ይሁን፣ ስብሰባ።

ቲጂ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጊው እስቲ። ሣራ የት ሄደች? … ሙዝ እርሻው ውስጥ? ተያት፣ አትጥሪያት።

አዎ፣ እሰማሃለሁ። … ስብከቱን? እንዴት አልሰማም፣ ማይኩ የላንቴን ቀበሌ ሁሉ አደንቁሮት። ሌዋታን የዕብራይስጥ ቃል ነው አልክ፤ ሥሩ መጠምጠም፣ መጠማዘዝ ነው፣ ጉንጉን የሚሉበትም ቃል ከዚያው ይወጣል አልክ። ዘንዶ ነው የሚሉ አሉ፣ አዞ ነው የሚሉም አሉ አልክ።

… ስህተት ነው አልኩህ እንዴ? እዚሁ ቤቴ ተቀምጠህ ስትነግረኝ «ልክ ነው» ያልኩህ እኔ አይደለሁም? አንተ ከመጽሐፍ አገኘኸው፣ እኔ ከአባያ ውኃ። አዞ ሰው ሲይዝ ዝም ብሎ አይጎትትም፤ ይሽከረከራል፣ እንደ ገመድ ነው የሚያጠማዝዘው።

… ስሜን አልጠራህም? «አንዲት እናት ባሏን አዞ ሲወስደው እጁን ለቀቀች፤ እምነታችሁ እንደሷ እንዳይሆን» አልክ። እዚህ ሰፈር ባሏን አዞ የወሰደባት ስንት ሴት አለች? … ስንት? … አንድ።

ሠላሳ ዓመት ለሰው ያልተነፈስኩትን ላንተ ነገርኩ። እናትህ ስትሞት ከሣራ ጋር በአንድ ሳህን ያበላሁህ ነህ ብዬ። አንተ መድረክ ላይ ምሳሌ አደረግከኝ።

ሄሎ? ትሰማኛለህ? … እንዳትዘጋብኝ።

ሣራ ከእሁድ ወዲህ አላናገረችኝም። «አባቴን ለቀቅሽው?» አለችኝ፣ በቃ። እኔ ብነግራት፣ ራሷን ልታነጻ ነው ትላለች። የምታምነው የተማረውን ነው፣ አንተን።

… ምኑን ነው የምነግራት? አታስታውስም? መረብ ስንስብ ነበር። ውኃው እስከ ወገቤ፣ ሣራ ጀርባዬ ላይ ታዝላ። አዞው ይዞት ሲዞር ባሌ ኦይታ፣ እጁን እንደያዝኩት፣ ምን አለኝ? … በል፣ ጨርሰው። … አዎ። «ልጅቷን ይዘሽ ውጪ፣ ልቀቂኝ» ነው ያለኝ። እሷን ቃል ነው ያስቀረሃት። ለስብከትህ አልተመቸችማ።

… ይቅርታህን ያዘው፣ እሱን አልጠየቅኩህም። አሁኑኑ ባጃጅ ያዝና ና። እኔ ዘንድ አትግባ፤ በቀጥታ ወደ ሙዝ እርሻው ሂድ። ሣራን ፊት ለፊት ቆመህ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ አባቷ ያለውን ንገራት።

ዘጋሁ።