ራሱን የሚያበጥር ፍርግርግ

በ1975 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ከቀትር በኋላ፣ በአዲስ አበባ ከተማ እሪ በከንቱ በተባለው ሰፈር ዝናብ መዝነቡን ለአንባብያን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት ጡረተኛው አቶ እምሩ ድጅኖ ይዘው ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው ቦይ ወረዱ። ቦዩ ሲሞላ ትርፉን ውሃ ወደ ወንዙ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳውም ላይ ቆሻሻ የሚይዝ ፍርግርግ ብረት ተገጥሟል። ፍርግርጉ በላስቲክና በጨርቅ ስለተደፈነ ጎርፉ መውጫ አጥቶ የአቶ እምሩን አልጋ አንሳፍፎት ነበር። ብረቱን ሊነቅሉ ሲታገሉ ካላዩ የተባለው የጎረቤታቸው ልጅ በዚያ ሲያልፍ አገኛቸው። ካላዩ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ ቸርችል ጎዳና በአንድ ብየዳ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን እየሠሩ ነው?»

«ጎርፉን ነፃ እያወጣሁ ነው። ሰዉ ሁሉ ነፃ ወጣ ሲባል እሱ ብቻ ለምን ይታሰራል?»

«ብረቱ ከተነቀለ እኮ ቆሻሻው ሁሉ ወንዝ ይገባል። ከታች ያሉት ሕፃናት በዚያው ውሃ ይታመማሉ።»

«ካልተነቀለ ደግሞ እኔ አልጋዬ ላይ እቀዝፋለሁ። ታዲያ ማን ይታመም ትላለህ?»

«ማንም። ብረቱ ላይ ማበጠሪያ ልግጠምለት። ጎርፉ ራሱ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ማበጠሪያውን ወደ ላይ ይስባል፤ ማበጠሪያው ቆሻሻውን እያነሳ ዳር ያወጣዋል። መብራት አይፈልግ፣ ዘበኛ አይፈልግ።»

አቶ እምሩ ድጅኗቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ።

«ለጎርፍ ማበጠሪያ! ሲጨርስስ ቅባት ትቀባዋለህ? ሹሩባስ ትሠራዋለህ?»

«ይሳቁ ጋሼ። ግን ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ የሚመጣውን ጎርፍ ለጽዳት ብናሠራው ምን ይጎዳናል?»

የተማረ ሰው ሲናገር ማድመጥ ተገቢ ነው። ሆኖም እርጥብ ፍራሽ ላይ ያደረ ሰው ለማድመጥ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። አቶ እምሩም ጊዜያቸውን ወሰዱ።

«አንድ ዝናብ እሰጥሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ውሃው የቤቴን ደፍ ካለፈ ግን ብረትህንም ማበጠሪያህንም ነቅዬ እጥላለሁ። ዳግመኛም ጋሼ እንዳትለኝ።»

ካላዩ ማታ ማታ ሲበይድ ሰነበተና ገጠመው። ቅዳሜ ዶፉ ወረደ። ቦዩ ሞላ፤ ውሃው ወደ ቀዳዳው ዞረ። መንኮራኩሩ አንዴ ተንገጫገጨና ቆመ። ጎርፉ ደፉን ሲልስ አቶ እምሩ ድጅኗቸውን አነሱ። ይኼኔ የጎርፉ ጉልበት በርትቶ መንኮራኩሩ ዞረ! ማበጠሪያው ላስቲኩን፣ የሽንኩርት ጆንያውን፣ የአንድ እግር ሸራ ጫማውን እየጎተተ ዳር ላይ ደረደረው። ውሃውም ከደፉ ሥር ቀስ እያለ ሸሸ።

«ተበጠረ!» ብለው ጮኹ አቶ እምሩ፤ ካላዩንም አቅፈው ሳሙት። «በል እንግዲህ ሹሩባውንም ሥራው!»

ሲያባራ ሰፈሩ ተሰብስቦ እልል አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክለሃይማኖት የማበጠሪያውን ጥቅም ዘረዘሩ፦ ቤት አይጥለቀለቅም፣ ወንዝ አይበከልም፣ ሕፃናት በተቅማጥ አይያዙም፣ ማንም ለቦይ ጠረጋ ዘመቻ አይጠራም። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጭብጨባው እጅግ በረታ።

ስለተደረደረው ቆሻሻም ውይይት ተደረገ።

«ከላይ ካለው ሰፈር፣ ከአፍንጮ በር የወረደ ነው» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«እንዴታ! የኛ ሰው ቦይ ውስጥ ምን ሲል ይጥላል?» አሉ አቶ እምሩ። ነገሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወዲያው ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ። ሕዝቡ ወደየቤቱ ሮጠ። ካላዩ ሰዉ ለመጠለል የሮጠ መስሎት፣ እሱም ከአንድ ቆርቆሮ ሥር ቆመ። ዝናቡ ሲጀምር በሮቹ ተራ በተራ ተከፈቱ። ከየበሩም ጥራጊ የሞላ ባልዲ ወጣ፤ የወይዘሮ ደብሪቱ፣ የሊቀመንበሩም። ሁሉም ቦዩ ውስጥ ገለበጡት።

አቶ እምሩ የራሳቸውን ገልብጠው ቀና ሲሉ ከካላዩ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ልሞክርልህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ።